ጀንፈል የሚሸተው ክፍል

«ክፍልሽ ሰፊ ነው» አለኝ ዳይሬክተሩ፣ የቁልፍ ዘለላውን እያቅጨለጨለ ከፊት ከፊቴ እየሄደ። «ከሁላችንም ክፍል ይሰፋል።»

አልዋሸኝም። የኳስ ሜዳውን አቋርጠን የደረስንበት ቤት የገበሬዎች ማኅበር የቡና መጋዘን ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ። በመካከሉ ጣሪያውን የተሸከሙ ወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰልፈዋል። መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ከጣሪያው ሥር አየር እንዲገባ የተተዉ፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ ጠባብ ክፍተቶች ብቻ ነበሩት። ለቡና ጆንያ ተብሎ የተሠራ ቤት ነው። ቡና ብርሃን አይፈልግም፤ ቡና ጥያቄ አይጠይቅም፤ ቡና ሽንት ቤት ልሂድ አይልም።

ገና ስንገባ የጀንፈል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ለዓመታት የተከማቸበት ቤት ሽታው ከግድግዳው አይለቅም። በየስንጥቁ የተቀመጠው አቧራ ደግሞ ልጆቹ እግራቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ይነሳል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በማስነጠስ ነው የጨረስነው።

እኔ የተወለድኩት ሚዛን ተፈሪ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጅማ ወገን መጥቶ እዚያው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈተ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ቀረ። የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ ስመለስ የደረሰኝ ምደባ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸኮዎች በሚበዙባት አንዲት የገጠር ቀበሌ ሆነ። መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ልጆች ከየመንደሩ በብዛት እየመጡ ይመዘገባሉ። ከጭቃ የተሠሩት የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ሞልተው ስለነበር ሦስተኛ ክፍል በሙሉ፣ ሁለቱም ምድብ፣ ወደ መጋዘኑ ተላከ።

መጋዘኑ በተፈለጠ ቀርከሃ ግርዶሽ ለሁለት ተከፍሏል። በወዲያኛው በኩል የሚያስተምሩት በዕድሜ የገፉ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ከማጂ ተዛውረው የመጡ ናቸው። ማጂ የብርድ አገር ስለሆነ ኮት የለመዱ ሰው ናቸው፤ በዚያ በሚያፍን ሙቀት እንኳ ኮታቸውን አያወልቁም። የመጋዘኑ ብቸኛ በር ያለው በሳቸው በኩል ነው። ስለዚህ እኔና ተማሪዎቼ ለመግባትም ለመውጣትም በሳቸው ክፍል መካከል ማለፍ ነበረብን። አንድ ልጅ ውሃ ሽንት ሲመጣበት በመጀመሪያ የኔን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የሳቸውን፤ ከዚያ በሳቅ ታጅቦ ይወጣል።

ጥቁር ሰሌዳዎቻችን ደግሞ በግርዶሹ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቸንክረዋል። ጋሼ ጠመኔ የሚይዙት እንደ መዶሻ ነው። እሳቸው አራት ነጥብ ባሳረፉ ቁጥር የኔ ሰሌዳ ይዘላል። አንዳንዴ ፊደል እየጻፍኩ እጄ ስቶ ሌላ ፊደል ይሆንብኛል። ድምፃቸውም ከጠመኔያቸው አያንስም። አንድ ቀን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ «ከዚህ ውስጥ ግሱ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ከፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ በሙሉ ልብ፣ «ሃምሳ ስድስት» አለኝ። በዚያ በኩል ጋሼ ሰባት ጊዜ ስምንትን እየጠየቁ ነበር። ከግርዶሹ ማዶ፣ «ትክክል» የሚል ድምፅ መጣ።

ያን ቀን ከልጆቹ ጋር ሳቅኩ እንጂ ማታ ቤቴ ስገባ መሳቂያ አልነበረም። ድምፄን ከሳቸው ድምፅ በላይ ለማድረግ እጮኻለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የኔን ጩኸት ሲሰሙ ይጨምራሉ። ዝናብ ሲመጣ ሁለታችንም እንሸነፋለን። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዘንባል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከገዛ አፌ የሚወጣውን ቃል እኔም አልሰማውም ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ክፍሉም ይጠቁራል። ልጆቹ ግማሹ ይተኛሉ፣ ግማሹ ይደባደባሉ፤ እኔ መካከላቸው ቆሜ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

በመጨረሻው ረድፍ፣ ከአንዱ ምሰሶ ኋላ፣ አንዲት ልጅ ትቀመጥ ነበር። ቤቷ ሩቅ ነው፤ ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ስለሆነ ከክፍል ጓደኞቿ በዕድሜ ትበልጣለች። በቤታቸው የሚነገረው የሸኮ ቋንቋ ብቻ ነው። አማርኛዋ ገና ጀማሪ ስለሆነ ብዙ አትናገርም። «አንብቢ» ስላት ትነሳለች፣ ትጀምራለች፣ ቃሉ መካከል ላይ ቀጥ ትላለች። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም «ተቀመጪ» እላታለሁ። ባለፈው ዓመት ያስተማራት መምህር፣ «እሷ እንኳ አይሆንላትም» ብሎ ነበር ያስረከበኝ።

ሁለተኛው ወር ሲጋመስ ድምፄ ሄደ። ቅዳሜ ሚዛን ወርጄ አባቴን ሰላም ስል የወጣው ሲር ሲር የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። አባቴ ሱቁን ዘግቶ አማን ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ጉሮሮዬን በባትሪ ያየችው ነርስ ራሷን ነቀነቀች።

«ምንድን ነው ሥራሽ?» አለችኝ።

«መምህር ናት» አለ አባቴ በኔ ፈንታ።

«ሳምንቱን ሙሉ አትናገሪ። በሹክሹክታም ቢሆን አትናገሪ። ካልሆነ ድምፅሽ እንዲሁ ሻካራ ሆኖ ይቀራል።»

አባቴ መንገድ ላይ፣ «በቃ ቤት ትቆያለሽ፣ እናትሽ አጥሚት ትሠራልሻለች» አለ። በእምቢታ ራሴን ነቀነቅኩ። እኔ ከቀረሁ ዳይሬክተሩ ግርዶሹን አንስቶ ሁለቱንም ክፍል ለጋሼ እንደሚሰጣቸው አውቅ ነበር። ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ድምፅ ማስተማር የሚባል ነገር የለም። እሳቸውም ድምፃቸው ጠፍቶ ተከትለውኝ አማን ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ሰኞ ጠዋት የጤና ጣቢያውን ወረቀት ለዳይሬክተሩ አሳየሁትና ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።

ልጆቹ እንደ ወትሮው ይንጫጫሉ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ በትልልቁ ጻፍኩ፤

ዛሬ እኔ ድምፅ የለኝም።
እናንተ ግን አላችሁ።
ማን ያነብልኛል?

ጫጫታው ቀስ በቀስ ሞተ። የሚያነብ ግን ጠፋ። ቁጣዬን የለመዱ ልጆች ዝምታዬ አስፈራቸው መሰለኝ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያኔ ከመጨረሻው ረድፍ ያቺ ልጅ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ድምፅ ያጣ ሰው አሳዝኗት ይሆናል።

«ዛሬ እኔ ድም...» አለች። ቆመች። «እናንተ ግን አ...» አሁንም ቆመች። «ማን ያነ...»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድምፅ ቢኖረኝ «ተቀመጪ» ብዬ ሌላ ልጅ እጠራ ነበር። መጥራት ስላልቻልኩ ወደሷ ሄድኩ። አጠገቧ ስደርስ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥኩና ወደ ሰሌዳው ቀና አልኩ።

የሚታየኝ «ዛሬ እኔ ድም» ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ምሰሶ ነው። ሁለተኛው መስመር «እናንተ ግን አ» ይልና ምሰሶ። ሦስተኛው «ማን ያነ»፣ ምሰሶ። ልጅቷ ፊቷ ያለውን ሁሉ አንዲት ፊደል ሳትስት አንብባዋለች።

እንባዬ መጣ። ትከሻዋን ይዤ ከምሰሶው ወዲህ አወጣኋትና በጣቴ ሰሌዳውን አሳየኋት። በተረጋጋ ድምፅ ሦስቱንም መስመር እስከ መጨረሻው አነበበች። «ማን ያነብልኛል?» የሚለው ላይ ስትደርስ የጥያቄ ምልክቱን እንኳ አልዘለለችም። ሳቁ ቆመ። በእረፍት ሰዓት የሷን ቋንቋ የምትችል አንዲት ተማሪ ጠርቼ፣ ለምን እስካሁን እንዳልነገረችኝ መሬት ላይ በእንጨት ጽፌ አስጠየቅኳት። መልሱ አጭር ነበር፤ መጀመሪያ ቀን «ቦታሽ ይህ ነው» ስለተባለች።

ከሰዓት በኋላ ለልጆቹ የቅጂ ሥራ ሰጥቼ በየአግዳሚው እየዞርኩ ተቀመጥኩ። በግራ ጥግ የተቀመጡት ሰሌዳው በጨለማ ተውጦባቸዋል። ከኋላ ያሉት ከኔ ድምፅ ይልቅ የጋሼን ይሰማሉ፤ ድምፃቸው በቆርቆሮው ተንሸራቶ የሚያርፈው እነሱ ጋ ነውና። በምሰሶዎቹ ትይዩ ያሉት ሁሉ በተለያየ መጠን የዚያች ልጅ ዕጣ ደርሷቸዋል። ከወር በላይ ቆሜ ያስተማርኩበትን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ አየሁት።

በማግስቱ ከዘበኛው መዶሻ ተውሼ ሰሌዳውን ከግርዶሹ ነቀልኩት። ልጆቹ አግዳሚዎቹን እየጎተቱ ሲያዞሩ የሲሚንቶው ጩኸት ጋሼን ከትምህርታቸው አስነስቶ አመጣቸው።

«ምን እያፈረስሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጠመኔ አንስቼ መሬት ላይ በተጋደመው ሰሌዳ ላይ፣ «ረጅሙ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። «ሰሌዳ እኮ የሚሰቀለው ፊት ለፊት ነው።»

«ፊት የትኛው ነው?» ብዬ ጻፍኩ።

ቤቱን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ኮታቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። «እውነትሽን ነው፤ መጋዘን ፊት የለውም» አሉና የሰሌዳውን አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።

በረጅሙ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከሰሌዳው እጅግ ይርቅ የነበረው ልጅ እንኳ ቀረበ። አግዳሚዎቹን እንደ ግማሽ ጨረቃ አጥፈን ዘረጋናቸው። ምሰሶዎቹ የት ይሂዱ? መሄጃ የላቸውም። ስለዚህ ማንም ከኋላቸው እንዳይቀመጥ አድርገን ሥራ ሰጠናቸው። በአንዱ ላይ አዳዲስ ቃላት በካርቶን ተጽፈው ይንጠለጠላሉ። ሌላው የቁጥር ሆነ። ያቺ ልጅ ከኋላው ትቀመጥበት የነበረውን የጥያቄ ምሰሶ አልነው፤ ያልገባው ልጅ ሄዶ ይደገፈዋል፣ እኔ ደግሞ አይቼ ወደሱ እሄዳለሁ። እጅ ማውጣት የሚያፍሩ ልጆች ምሰሶ መደገፍ አያፍሩም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጥያቄው ምሰሶ ሥር ወረፋ ነበር።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን የራሳቸውን ሰሌዳ ነቀሉ። ድምፃችን እንዳይጋጭ በተቃራኒው ግድግዳ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ እኔ የንባብ ክፍለ ጊዜ ሲኖረኝ እሳቸው የጽሕፈት ሥራ ያሠራሉ፤ እሳቸው ማባዛት ሲያስጮኹ እኔ ለልጆቼ የሥዕል ሥራ እሰጣለሁ። ይህን ለመስማማት በግርዶሹ ቀዳዳ መነጋገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገን፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግን ስንጮህ ሳንነጋገር ቀርተናል።

ድምፄ በሳምንቱ ተመለሰ። የዝምታውን ትምህርት ግን አልተውኩትም። ወላጆች ከተሰበረ ሣጥን ትንንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ቆርጠው ሰጡን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰን ቀባናቸውና ለየሁለት ልጅ አንድ አንድ ሰሌዳ ሆኑ። ዝናብ ሲመጣ መጮህ ቀረ። ትልቁ ሰሌዳ ላይ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ ጥንዶቹ ተመካክረው ትንሿ ላይ መልስ ይጽፋሉ፣ ወደ ላይ ያነሱልኛል። ከመቶ አፍ ይልቅ ከፍ ብለው የተያዙ ሰሌዳዎችን ማየት ማን እንደገባው ቶሎ ይነግረኛል።

የቀረኝ አንድ ችግር ነበር። ልጆቹ ሁሉ አቀርቅረው ሲጽፉ «አሁን አንሱ»፣ «አሁን አውርዱ» የሚል ድምፅ ያስፈልጋል። የኔ ከዝናቡ በታች ነው። አንድ ቀን እጄን እያወዛወዝኩ ስቸገር ያቺ ልጅ ከቦታዋ ብድግ ብላ፣ «ሰሌዳ አንሱ» አለች። ዝናቡ እየወረደ ሁሉም ሰማ። ጮኸችም አልልም፤ ድምፅዋን እንደሚወረወር ነገር አርቃ ሰደደችው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የቤተሰቧን በቆሎ ከዝንጀሮ ስትጠብቅ ከወንዙ ማዶ ካለች እህቷ ጋር የምትጣራው እንደዚያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዝናብ ቀን አስተማሪ እኔና እሷ ነበርን። የአማርኛ አነጋገሯ የሸኮ ቅላጼ አለው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁበት። ትንሽ ቆይቶ፣ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ እሷን መስለው፣ «ሰሌዳ አንሱ» እያሉ ሲጣሩ እሰማቸው ነበር።

ዳይሬክተሩ አንድ ዝናባማ ረፋድ ላይ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። መምህር የሌለ መስሎት ፊቱን ቋጠረ። ወዲያው የልጅቷ ድምፅ ተሰማ፤ ሰሌዳዎቹ በአንድ ጊዜ ተነሱ። ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም መልስ አንድ በአንድ አየ። አጠገቡ የነበሩት ጥንዶች የጻፉትን አይቶ በጣቱ አንዲት ፊደል አረመላቸው፤ ቀጥሎ ተቀመጠና አብሯቸው ሌላ ጥያቄ ሠራ። ዝናቡ ሲያባራ፣ «ያች ድምፅ የማናት?» አለኝ። አሳየሁት። «አታነብም የተባለችው?» አለ። «እስኪ አንብቢልኝ» አላት፤ ትልቁን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አነበበችለት። ሲወጣ ቁልፎቹን አላቅጨለጨለም።

ይሁንና ጨለማው አልተነሳም። ሲደምን ትንሹም ትልቁም ሰሌዳ አይታይም። መስኮት እንቅደድ ስንል ዳይሬክተሩ እጁን ዘረጋ። «በኔ ቢሆን ዛሬ። ቤቱ ግን የማኅበሩ ነው፤ በውሰት ነው የያዝነው። ሊቀ መንበሩን ጠይቁ።»

ሊቀ መንበሩ ቦቲ ጫማ የማይለያቸው የቡና ገበሬ ነበሩ። እኔና ጋሼ ማሳቸው ድረስ ሄድን። ከቡናው ሥር አረም እየነቀሉ ሰሙን።

«ዛሬ መስኮት ከቀደዳችሁት፣ ቤቱን ስትመልሱልን ቡናችንን የት ልናስቀምጠው ነው?» አሉ። «ዝናብ ይገባበታል። ሌባም ይገባበታል።»

«አንድ ቀን መጥተው ይቀመጡበት» አሉ ጋሼ። «ተቀምጠው እምቢ ካሉ ሁለተኛ አንጠይቅዎትም።»

እኔ ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያለ ቃል እንገባለን አልተባባልንም ነበር።

በዚያው ሳምንት መጡ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዶ ነበር። የጋሼን ክፍል ሰንጥቀው ሲያልፉ ልጆቹ በሙሉ ተነስተው ሰላምታ ሰጧቸው፤ እሳቸውም ቆመው መለሱ። እኔ ጋ ሲገቡ የኔዎቹ ተነሱ። በስተግራ ጥግ አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገብ ቦታ ሰጠናቸው፤ ጉልበታቸው ከአግዳሚው በላይ ቀረ። ትምህርቱን ቀጠልኩ። ብዙም ሳይቆይ ዘነበ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሲያዩ አየኋቸው። ዝናቡ ትንሽ ረገብ ሲል ወደ ትንሿ ልጅ ዞሩ።

«ያ የተጻፈው ይታይሻል?»

«ፀሐይ ሲሆን ይታየኛል» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁን ከጓደኛዬ ነው የምገለብጠው።»

«ለጓደኛሽስ ይታያታል?»

«እሷም ከፊቷ ካለችው ነው የምትገለብጠው» አለች።

ትምህርቱ ሲያበቃ ሊቀ መንበሩ ለመውጣት እንደገና በጋሼ ክፍል አለፉ፤ ልጆቹ እንደገና ተነሱ፤ እሳቸውም እንደገና ቆመው ሰላምታ መለሱ። በሩ ላይ ደርሰው ወደኔ ዞሩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትወጡት?»

«ሁልጊዜ» አልኳቸው። «ልጆቹ ለሽንትም ሲወጡ በዚሁ ነው።»

«ታዲያ መስኮት ብቻ ለምን ትጠይቃላችሁ?» አሉ፣ የቦቲያቸውን ጭቃ ደፉ ላይ እየጠረጉ። «በርም ያስፈልጋችኋል እኮ። መስኮቱ ግን ከውስጥ የሚቀረቀር መዝጊያ ይኑረው።»

ጋሼ ዘወር ብለው መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። እኔም «እሺ፣ ከውስጥ ይቀረቀራል» አልኳቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወላጆች መጋዝና መዶሻ ይዘው መጡ። ጠዋት ፀሐይ የልጆቹን ዓይን እንዳትወጋ መስኮቶቹ በየትኛው በኩል እንደሚቀደዱ፣ የኔም ክፍል በር የት እንደሚከፈት ልጆቹን በየቦታቸው እያስቀመጥን፣ ቆርቆሮውን በከሰል እያሰመርን ወሰንን። የዚያች ባለ ድምፅ ልጅ አባት ለመዝጊያዎቹ የዋንዛ ጣውላ በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ። አማርኛ አይናገሩም። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አሁን የምትቀመጥበትን ቦታ አሳየቻቸው፤ ጣውላውን አስቀምጠው ተቀመጡበትና ወደ ሰሌዳው ለረጅም ጊዜ አዩ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ተቆርጦ ወደ ውጭ ሲወድቅ ብርሃኑ እስከ ማዶው ግድግዳ ሮጠ። የውጭው ሣር ታየ፤ የኳስ ሜዳው ታየ፤ አንዲት የታሰረች ፍየል ታየች። አየሩ ሲገባ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮታቸውን አወለቁ። ሚስማር ላይ ሰቀሉትና መዶሻ ይዘው ከሰዎቹ ጋር ተቀላቀሉ።

ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ ጣሪያው ኮርኒስ አላገኘም። በጥርና በየካቲት ሙቀቱ ያዞር ስለነበር ከሰዓት በኋላ የነበረውን ትምህርት ብዙ ጊዜ ደጅ፣ በግራቪሊያ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር የምናካሂደው። በሁለተኛው ዓመት አንድ የመስኮት መዝጊያ በነፋስ ተገንጥሎ ወድቋል። ነገር ግን ልጆቹ ከፊታቸው ምን እንዳለ ያዩ ነበር፤ እኔም ልጆቹን አያቸው ነበር። ያቺ ልጅ ክፍሏን እያለፈች ሄደች። ከብዙ ዓመት በኋላ ቴፒ መናኸሪያ ውስጥ ከኋላዬ «ቲቸር» የሚል ድምፅ ሲመጣ ዞሬ ሳላይ ነው ያወቅኳት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆናለች። በየመንደሩ እየዞረች በሸኮም በአማርኛም ታስተምራለች። ከኔ ይልቅ ረዝማለች። አብረን ሻይ ጠጣን፤ ስለ እናቶች ስብሰባ፣ ስለምትወጣው ዳገት አወራችልኝ፤ አውቶብሷ ሲንቀሳቀስ ሮጣ ተሳፈረች።

ጋሼ ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ ማጂ ተመልሰው በዚያ የአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። እኔም ወደ ሚዛን ተዛውሬ ነበር። በአንድ የበጋ ወቅት ፈቃድ ወስጄ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መንገዱ አጥንት ይሰብራል። ስደርስ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ሻይ እንኳ ሳልጠጣ አንደኛ ክፍልን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ።

የማጂ ችግር ሌላ ነው። ክፍሉ ትልልቅ መስኮቶች አሉት፤ ከነዚያ መስኮቶች የሚገባው ብርድ ነው የልጆቹን ጣት እርሳስ የሚያስጥለው። ጋሼ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያሉትን መስኮቶች በጭድና በጭቃ አስደፍነዋል። አግዳሚዎቹን ፀሐይ ወደምታርፍበት ጥግ አስጠግተዋል፤ ፀሐይዋ ስትዞር ልጆቹ አግዳሚያቸውን ይዘው አብረው ይዞራሉ።

«ሰሌዳው ግን ቦታው ልክ አይደለም» አልኳቸው።

«የት አባቱ ይሁን ታዲያ?»

«ወደዚያ ግድግዳ። እዚህ ጥግ የሚቀመጠው ልጅ የሚያየው ነጸብራቅ ብቻ ነው።»

«ተቀምጠሽ ሳታዪ አታውሪ» አሉኝ።

ጥግ ላይ ካለችው ዝቅተኛ አግዳሚ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ጉልበታቸውን እየያዙ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ትከሻ ለትከሻ ሆነን ሰሌዳውን አየነው። ነጸብራቁ ግማሹን ነጭ አድርጎታል። ጋሼ ራሳቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ውጭ ተማሪዎቹ ደወሉን ሰምተው በር ላይ ተሰብስበው ነበር፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በትንንሽ አግዳሚ ላይ ሲከራከሩ አይተው ይጠቃቀሳሉ።

«ግቡ፣ ግቡ» አሏቸው ጋሼ እየተነሱ። «ዛሬ መጀመሪያ ሰሌዳ እናዞራለን፤ ከዚያ እሷ ታስተምራችኋለች።» ጠመኔውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት።